መልስ፦ የጠፋች ጅራታም ኮከብ ያለችበት ቦታ እንዴት ይታወቃል?

ወንድሜ፣ ለጥያቄህ ቴምፕል 1 የምትባለው ጅራታም ኮከብ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1867 ተገኘች (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ከ1879 በኋላ ግን የሚያያት ጠፋ። ምክንያቱ ጁፒተር ነው። በ1881 በአቅራቢያው ስታልፍ ስበቱ ምህዋሯን ለወጠው፤ አንድ ዙር የምትጨርስበት ጊዜም ከ5.7 ወደ 6.5 ዓመት ገደማ ረዘመ። በድሮው ስሌት የጠበቋት ሁሉ ባዶ ሰማይ ነበር የሚያዩት።

በ1963 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ብራያን ማርስደን የጁፒተርን ስበት አስገብቶ ምህዋሯን እንደገና አሰላ። ሌላዋ ተመራማሪ ኤልዛቤት ሮመር በ1967 ካነሳቻቸው ፎቶዎች በአንዱ ላይ፣ ስሌቱ ባመለከተው አካባቢ፣ ደብዛዛ ነጥብ ተገኘ። አንድ ነጥብ ብቻውን ምህዋር አያረጋግጥም፤ እርግጡ የታወቀው በ1972 እንደገና ስትታይ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልኬቶች ለዚህ መብቃታቸው እስካሁን ይደንቀኛል!

አንተም ስሌቱን በኮምፒውተር ልትሞክር ከሆነ፣ ለቅርብ ቀን የተሰሉትን የምህዋር ቁጥሮች ውሰድ፤ የአሮጌዎቹ ስህተት በየዙሩ ይጠራቀማል።