ልጅሽ «ምንም አልተማርንም» ሲልሽ

እህቴ፣ ልጅሽ 1ኛ ክፍል እንደሆነና «በዚህ ሳምንት ምን ተማራችሁ?» ስትይው «ምንም» ብቻ እንደሚልሽ ጽፈሻል። አይዞሽ። 14 ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ፣ ሁለት ልጆችም አሳድጌያለሁ። የኔዎቹም መልሳቸው ይኸው ነበር።

ለሰባት ዓመት ልጅ ሳምንት ሩቅ ነው። ጥያቄውን አጥብቢለት። «ዛሬ ሰሌዳ ላይ ማን ወጣ?» «ቲቸር የጻፈችው ፊደል የትኛው ነው? እስቲ ጻፍልኝ።» «እኔን አስተምረኝ» ስትይውማ አያቆምም።

ከሁሉ በላይ ግን ንባቡን ተከታተዪ። የመጀመሪያ ልጄ «በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ»ን እንደ መዝሙር ታወርደው ነበር። መምህርት ሆኜ እንኳ ቻለች ብዬ ተደሰትኩ። አንድ ማታ «ቢላ» የሚል ቃል የመጀመሪያ ፊደል ላይ ጣቴን አድርጌ «ይቺ ማናት?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ጣቶቿን እያጠፈች በሹክሹክታ «በ... ቡ...» ብላ ጀመረችና ሦስተኛው ላይ ስትደርስ «ቢ!» አለች። የያዘችው ዜማውን ነበር። በጣም ደነገጥኩ፤ ሁለተኛው መንፈቅ ገብቶ ነበር እኮ።

ያደረግኩትን ልንገርሽ። ወረቀት መሃሉን በአንድ ፊደል ልክ ቀደድኩ። የፊደል ገበታው ላይ አስቀምጬ፣ በቀዳዳው የምትታየውን ብቻ አስነብባታለሁ። አንዴ ከታች፣ አንዴ ከመሃል፣ በተራ በፍጹም አይደለም። ቅጥያዎቹንም አሳየኋት፦ ቡ ወገቧ ላይ፣ ቢ እግሯ ስር፣ ቤ እግሯ ላይ ቀለበት አላት። ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ ሲምታቱባት «ቆብ ያደረገችው የትኛዋ ናት?» እላታለሁ። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ልጅ ከደከመው ፊደልን ይጠላል።

ደብተሩ ላይ ራይት ስታዪ እሱን ብቻ አምነሽ አትለፊ። ከሰሌዳ አሳምሮ መገልበጥና ማንበብ ለየቅል ናቸው። ክፍሌ ውስጥ ከ50 በላይ ልጆች ነበሩ። ደብተር አርማለሁ፣ ግን ሁሉንም በየቀኑ አንድ በአንድ ማስነበብ አልችልም። ስለዚህ ዓርብ ማታ ደብተሩን ክፈቺና የራሱን ጽሑፍ አስነብቢው። ቃል ላይ ሲደርስ ሌሎቹን ፊደሎች እየሸፈንሽ አንዷን ብቻ ጠይቂው።

ሂሳብ ላይ በጣቱ ሲቆጥር አትቆጪው። የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቢና በእሱ ይደምር፣ ይቀንስ። አካባቢ ሳይንስ ደግሞ እናንተው ቤት አለ፦ ቤተሰብ፣ ንጽህና፣ ሰፈር። እያወራችሁ ያልቃል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ኮሙኒኬሽን ቡኩን፣ መምህርና ወላጅ የሚጻጻፉበትን ደብተር፣ ጠዋት ሰርቪሱ ክላክስ እያደረገ አትፈርሚው። ብዙ ወላጅ እንደዚያ ያደርጋል፣ ያሳዝነኛል። ማታ አንብቢው፣ ያየሽውንም ጻፊበት። «ልጄ ይደክማል» የሚለው ለመምህር ብዙም አይረዳም። «ቢና ቤ ይምታቱበታል» ብለሽ ጻፊ። እኔ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ሲደርሰኝ ልጁን በእረፍት ሰዓት አጠገቤ አስቀምጬ፣ እነዚያን ሁለቱን ለብቻው አስነብበዋለሁ።