ቧንቧው ሲያጠራጥር፦ ስለ ውሃ ለጠየቃችሁኝ

ውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። «ውሃው ተበክሏል» የሚል ወሬ ሲነሳ ሰው ሁለት ዓይነት ይሆናል። አንዱ ደንግጦ ቧንቧ መንካት ይፈራል። ሌላው «ስንቱን ጠጥተን ኖረናል» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ያሳስቡኛል። ለዚህ ነው ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ያልኩት። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ውሃው ሳይበከል አልቀረም ተባልን። አፍልቼ ብጠጣው ይበቃል?

መልስ፦ በምን እንደተበከለ ካላወቅን «አዎ» ማለት አልችልም። ማፍላት ሕይወት ያለውን ነገር ይገድላል፤ ባክቴሪያን፣ ቫይረስን፣ ጥገኛ ተውሳክን። ኬሚካልን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ተኖ ሲቀንስ ናይትሬቱ፣ አርሰኒኩ፣ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀርና መጠኑ ከፍ ይላል።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ቃል በቃል አንብቡ። «አፍልታችሁ ጠጡ» እና «አትጠጡ» አንድ አይደሉም። «ለምንም አትጠቀሙበት» ከተባለ ደግሞ ገላ መታጠብም የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ቶሌዶ በምትባል ከተማ ከሐይቅ አልጌ የሚወጣ ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ ቧንቧ ውስጥ ገባ። ነዋሪው እንዳይጠጣ ብቻ ሳይሆን እንዳያፈላም ተነገረው። ማፍላቱ መርዙን ያበረታው ነበር።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያ ባይመጣስ? በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ጀርም በዓይን አይታይም። የጠራ ውሃ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እኔ በዋናነት የማየው ግፊቱን ነው። ቧንቧው ሞልቶ ሲገፋ፣ ስንጥቅ ቢኖር እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ቆሻሻ አይገባም። ውሃ ሲቋረጥ ወይም ቧንቧ ሲሰበር ግን በዙሪያው ያለው ጭቃና ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ ከመቋረጥ በኋላ ደፍርሶ ከመጣ፣ ጎርፍ ካለ፣ አጠገባችሁ የፍሳሽ መስመር ከፈነዳ ማንም ሳይነግራችሁ አፍሉ። ነዳጅ፣ ቀለም ወይም ፀረ ተባይ የሚሸት ከሆነ ግን አታፍሉ። ሌላ ውሃ ፈልጉ፤ ለውሃ አገልግሎቱም ወዲያው አሳውቁ።

ጥያቄ፦ ስንት ደቂቃ ላፍላ? እናቴ 20 ደቂቃ ትላለች።

መልስ፦ እናትዎ ለጤናችሁ አስበው ነው፤ ግን ማገዶ ያልቃል። ድስቱ ሙሉ በሙሉ ተንተክትኮ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ የምትኖሩ 3 ደቂቃ አድርጉት። ከፍታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ነው። የድስቱ ጠርዝ ላይ የሚታዩት ትንንሽ አረፋዎች አይቆጠሩም። የደፈረሰ ከሆነ አስቀድማችሁ አጥልሉትና በንጹሕ ጨርቅ አጣሩት። ከፈላ በኋላ ተከድኖ በራሱ ይብረድ።

ጥያቄ፦ መብራትም ጋዝም የለም። በረኪና ይሆናል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ግን መጠኑ ላይ ቀልድ የለም። በረኪናው ሽቶ፣ ቀለምም ሆነ ሌላ ማጽጃ የሌለበት፣ ጥንካሬውም ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ ይሁን። ለ1 ሊትር የጠራ ውሃ 2 ጠብታ። ከደፈረሰ 4። አማስላችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በስሱ ክሎሪን ክሎሪን መሽተት አለበት። ካልሸተተ ያንኑ መጠን ድገሙና 15 ደቂቃ ጨምሩ። ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ ማለት 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ካላችሁ መቁጠር አያስፈልግም። ብዙ የቆየ በረኪና ኃይሉ ይደክማል፣ አትመኑት። ከሌላ ማጽጃ ጋር ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተውሳክ ክሎሪንን ይቋቋማል። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ወደ 400 ሺህ ሰው ያሳመመው እሱ ነው፤ ያውም ታክሞ የተሰራጨ ውሃ ውስጥ አልፎ። ቤታችሁ የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ካለ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ለምሳሌ፣ በረኪናውን ተዉትና እንደምንም ብላችሁ አፍሉለት።

ጥያቄ፦ ማጣሪያ ገዝቻለሁ። ከእንግዲህ ማፍላት ቀረልኝ አይደል?

መልስ፦ የትኛው ማጣሪያ? እንደ ማሰሮ ያለው ባለ ከሰሉ ጣዕምና ሽታ ያስተካክላል እንጂ ጀርም አይገድልም። ቀዳዳው 0.2 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሆነ ማጣሪያ ባክቴሪያና ተውሳክ ይይዛል፤ ቫይረስ ግን ያመልጠዋል። ወረቀቱን አንብቡ። እዚያ ላይ ያልተጻፈ ሥራ ይሠራል ብላችሁ አታስቡ።

ጥያቄ፦ ፀሐይ ላይ ማስጣትስ?

መልስ፦ ይሠራል። የጠራ ውሃ፣ ቀለም የሌለው እስከ 2 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ 6 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ። ከደመነ 2 ሙሉ ቀን።

ጥያቄ፦ የ3 ወር ልጅ አለኝ፣ የዱቄት ወተት ነው የምሰጠው። በጣም ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስጋቱ ጀርም ከሆነ አፍልተሽ መበጥበጥ ይበቃል። ጡጦውም አብሮ ይቀቀል። ናይትሬት አለ ከተባለ ግን የፈላ ውሃ ለሕፃን አይሆንም። ከ6 ወር በታች ያሉ ሕፃናት ላይ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ሰማያዊ ይሆናል። እንዲህ ካየሽ ሰዓት ሳታጠፊ ሐኪም ቤት ውሰጂው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለወተቱ የታሸገ ውሃ ተጠቀሚ። ጡት እያጠባሽም ከሆነ በጀርም ስጋት ምክንያት አታቋርጪ፤ ለልጁ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጥርስ መቦረሽ፣ ሻወር፣ ዕቃ ማጠብ?

መልስ፦ «አፍሉ» ከተባለ ጥርስ በፈላ ውሃ ነው። ሻወር ይቻላል፣ አትዋጡት ብቻ፤ ትንንሽ ልጆችን ግን በስፖንጅ ማጠቡ ይሻላል። ዕቃ ካጠባችሁ በኋላ በ4 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምራችሁ ለ1 ደቂቃ ንከሩትና በአየር ይድረቅ። በረዶም አትርሱ፤ ማቀዝቀዝ ጀርም አይገድልም።

ጥያቄ፦ ውሃው ወተት መስሎ ይወርዳል። ኬሚካል ነው?

መልስ፦ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡት። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፣ አያስፈራም።

ጥያቄ፦ ሕንፃችን አሮጌ ነው። የቧንቧው ብረት ራሱ ይመርዛል ይባላል።

መልስ፦ የድሮ መስመሮችና ብየዳዎች ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ይኖራል። ጣዕምም ሽታም የለውም፣ ሲፈላም አይጠፋም፣ የሚጎዳውም በተለይ የልጆችን አእምሮ ነው። አሜሪካ ፍሊንት ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የሆነው ይኸው ነው። የውሃው ምንጭ ወደ ወንዝ ተቀየረ፤ ቧንቧ እንዳይበላ የሚደረገው ሕክምና ግን ቀረ። ውሃው የቧንቧውን እርሳስ እያሟሟ ቤት ገባ። በላቦራቶሪ ካልተመረመረ ማወቅ አይቻልም። እስከዚያው ለመጠጥና ለምግብ ከቀዝቃዛው መስመር ብቻ ቅዱ፤ ሙቅ ውሃ እርሳስ የበለጠ ያሟሟል። ሌሊቱን የቆመውን ውሃ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ አፍስሱት። ለጽዳት ይሆናችኋል።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ አፈላለሁ፤ ልጆቼ ግን ተቅማጥ አይለቃቸውም። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። አንድ ጊዜ እንዲህ ካለ ቤት ሁለት ናሙና ወሰድን። ከድስቱ የተቀዳው ንጹሕ ሆነ። ከተጠራቀመበት ባልዲ የተቀዳው የሰገራ ባክቴሪያ ነበረበት። ውሃው ያው ነው። በመሃል የገባው ኩባያውና እጁ ነው።

የፈላ ውሃ ራሱን የሚከላከልበት ነገር የለውም፤ ክሎሪን ያለበት ውሃ ግን ትንሽ ይከላከላል። ስለዚህ አፉ ጠባብ የሆነ፣ ክዳን ያለው፣ ቢቻል ከታች መክፈቻ ያለው ዕቃ ተጠቀሙ። ኩባያ አይነከርበት፣ ይፍሰስ እንጂ። ዕቃውን በየጊዜው በሳሙናና በበረኪና እጠቡት። እጅ መታጠቡም፣ ከሽንት ቤት መልስ በተለይ፣ ከማፍላቱ እኩል ነው። ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልተወ ልጆቹ ይመርመሩ፤ ምክንያቱ ውሃ ላይሆንም ይችላል።

ጥያቄ፦ ሳላውቅ ጠጥቼ ነበር። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ብዙ ሰው ምንም አይሆንም፤ ተረጋጋ፣ ራስህን ግን ተከታተል። ተቅማጥ ከጀመረ የሚገድለው የፈሳሽ እጥረቱ ነው። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የፈሳሽ መተኪያ ዱቄት) ጠጣ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጥ፤ ጨው ከዚያ እንዳይበልጥ። የሩዝ ውሃ የሚመስል ብዙ ተቅማጥ፣ ደም፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ሽንት መጥፋት ካለ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂድ። ደም ካለበት ማቆሚያ ኪኒን በራስህ አትውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2000 ካናዳ ዎከርተን ከተማ ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ከ2 ሺህ በላይ ሰው ታሞ 7 ሞቷል። ያ ዓይነቱ ባክቴሪያ ኩላሊት ይጎዳል፤ ሕፃናት ላይ ይብሳል።

ጥያቄ፦ «አሁን ንጹሕ ነው» ተባለ። ዝም ብለን እንጠጣ?

መልስ፦ አንድ ሥራ ይቀራችኋል። ቤት ውስጥ የቆመው የድሮው ውሃ ነው። ቀዝቃዛውን መስመር ሁሉ ከፍታችሁ ቢያንስ 5 ደቂቃ ልቀቁት። የውሃ ማሞቂያውንም አፍስሱ። በዚያ ሰሞን የተሠራ በረዶ ይደፋ፣ የማጣሪያው ካርትሪጅ ይቀየር። ጣሪያ ላይ ታንከር ያላችሁ ባዶ አድርጋችሁ፣ ፈትጋችሁ፣ በክሎሪን አክማችሁ እንደገና ሙሉት። ታንከሩ ካልጸዳ ከመስመሩ የሚመጣው ንጹሕ ውሃ እዚያው ይቆሽሻል።