መልስ፦ በ1950 አሜሪካ 5 ሳንቲም ምን ያህል ነበር?

የምትተረጉሚው ታሪክ ውስጥ ልጁ በ1950 (እ.ኤ.አ.) ኮካ ኮላ በ5 ሳንቲም ይገዛል፤ ርካሽ ይሁን ውድ ግራ ገባኝ ብለሻል። ርካሽ ነው። በዋጋ ንረት ብቻ ካሰላሽው በ13 አባዢው፤ የዛሬ 65 ሳንቲም ገደማ ይመጣል።

እኔ ግን በሥራ ሰዓት መለካቱን እመርጣለሁ። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከ40 ወደ 75 ሳንቲም ከፍ ብሏል። ስለዚህ ጠርሙሷ የ4 ደቂቃ ሥራ ናት። (ሕጉ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም ነበር፤ የልጁ እናት ሰው ቤት የምትሠራ ከሆነች ይህን ስሌት ተዪው።)

ኮካ ኮላን ግን የሌላው ዕቃ መለኪያ አታድርጊው። ከ1886 ጀምሮ ለሰባ ዓመት ያህል ከ5 ሳንቲም ንቅንቅ አላለም፤ አንዱ ምክንያት መሸጫ ማሽኖቹ የተሠሩት ለባለ 5 ሳንቲሟ ብቻ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ዓመቱን አረጋግጪ። እኔ የ1945ን የሥጋና የቅቤ ዋጋ ለ1948 ታሪክ የግርጌ ማስታወሻ አድርጌ ተሳስቻለሁ። የጦርነቱ የዋጋ ቁጥጥር በ1946 ሲነሳ ገበያው ዘለለ፤ በእነዚያ 3 ዓመታት ኑሮ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ተወድዷል። ማስታወሻዎቹን አንድ በአንድ ማረም ነበረብኝ።