ኮከብ ዓሣ ይመስላል ወይስ ኮከብ ዓሣን ይመስላል?

ፒያሳ የሚኖሩ አንዲት አንባቢ እንዲህ ብለው ጠይቀዋል፦ «አራት ኪሎ መንገድ ዳር ከሚሸጡ ችግኞች የእሾህ አክሊል የሚባለውን አበባ ገዛሁ። ልጄ ደሞ ቲቪ ላይ በዚሁ ስም የሚጠራ ኮከብ ዓሣ አይቶ ኖሮ ‹ማሚ አበባሽ ኮከብ ዓሣ ይመስላል› ሲለኝ አባቱ ‹ኮከብ ዓሣን ነው የሚባለው› ብሎ አረመው። ማን ነው ልክ?»

ባለቤትዎ አይቀየሙኝና ልጁ አልተሳሳተም። «ይመስላል» ያለ «ን» ሲመጣ ሁለት ነገር ያሰማል፣ አንድም መልኩ እንደዛ ነው፣ አንድም ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ነው። «ሰውዬው ሐኪም ይመስላል» ሲባል ሁለቱም ይሄዳል። በረንዳ ላይ ያለን አበባ ደሞ ኮከብ ዓሣ ነው ብሎ የሚገምት ስለሌለ ልጁ ምን ማለቱ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ችግር የሚመጣው የሚነጻጸረው ነገር የታወቀ ሲሆን ነው። «አባቱን ይመስላል» ካልን ልጁ መልኩን ከአባቱ ወስዷል፣ «አባቱ ይመስላል» ካልን ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመውን ሰውዬ ከሩቅ አይተን የልጁ አባት ነው መሰለኝ ማለታችን ነው። ልጅዎም ቲቪ ላይ ያለውን እያሳየ «ያ ኮከብ ዓሣ ይመስላል» ቢል ኖሮ ስለ አበባው ማውራቱ ቀርቶ ስለ ቲቪው ማውራት ይሆን ነበር፣ እዚህ ጋ «ያንን ኮከብ ዓሣ» ማለት ግድ ነው።

ለነገሩ የሚመሳሰሉት በእሾህ ብቻ ነው። ተክሉ ከማዳጋስካር የመጣ የቁልቋልና የቅንጭብ ዘመድ ነው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፣ ወተቱ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ልጁ እንዳይነካው። ቀዩ ነገር ደሞ አበባ ይመስላል እንጂ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው፣ እውነተኛዎቹ አበቦች መሀል ላይ ያሉት ትንንሾቹ ናቸው። ኮከብ ዓሣው ደሞ ቀይ ባሕርን ጨምሮ በሕንድና በፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚኖር፣ ክንዱ ከ20 ሊያልፍ የሚችል፣ እሾሁ መርዛም የሆነ እንስሳ ሲሆን ጨጓራውን ወደ ውጭ አውጥቶ ኮራል በሚባለው የባሕር እንስሳ ላይ ዘርግቶ ነው የሚበላው (ዓሣ ተባለ እንጂ አከርካሪ እንኳ የለውም)።

ስለዚህ ጠንቀቅ ብሎ መጻፍ የፈለገ ሰው የሚመሳሰሉበትን በ«በ» ለይቶ «አበባው በእሾሁ ኮከብ ዓሣን ይመስላል» ቢል «ን»ም ቦታዋን ታገኛለች፣ ቅጠሉ ነው ክንዱ ብሎ የሚጠይቅም አይኖርም። እቤት ውስጥ ለሚወራው ግን የልጁ ይበቃል።