ቬሮና ያለው የዡልየት ቤት እውነተኛ ነው? ከፍሎ መግባትስ ያዋጣል?

እህቴ፣ ከእናትሽ ጋር በጣልያኗ ከተማ ቬሮና የምትውሉት አንድ ቀን ብቻ እንደሆነ ጽፈሻል። እናትሽ ከተማሪነታቸው ጀምሮ የከበደ ሚካኤልን «ሮሜዎና ዡልየት» እንደሚወዱት፣ አንዳንድ ሰዎች ግን «ቤቱ ለቱሪስት ተብሎ የተፈበረከ ነው፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ» እንዳሉሽም ገልጸሻል። እኔ የምኖረው ሚላኖ ስለሆነ ዘመድ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ይዤ እሄዳለሁ። መልሴ «ግቡ» ነው። ብቻ የትኛው ጥንታዊ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ አውቃችሁ ግቡ። ቅር ብሏቸው ሲወጡ ያየኋቸው ሰዎች ሁሉ ይህን ሳያውቁ የገቡ ናቸው።

ቤቱ ራሱ የተፈበረከ አይደለም። ቪያ ካፔሎ በተባለው መንገድ ቁጥር 23 ያለው ይህ የጡብ ቤት ከመካከለኛው ዘመን የቆመ ነው፤ ባለቤቶቹም ዳል ካፔሎ የሚባሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ግቢው ውስጥ ቅስቱ ላይ በድንጋይ የተቀረጸች ባርኔጣ ታያላችሁ፤ ካፔሎ በጣልያንኛ ባርኔጣ ማለት ነውና የቤተሰቡ አርማ ናት። ብዙው ጎብኚ ቀና ብሎ ሳያያት ያልፋል። እኔ ግን ከግቢው ሁሉ አብልጬ የምወዳት እሷን ነው። ቤቱን ከዡልየት ጋር ያገናኘው የዚህ ቤተሰብ ስም በሼክስፒር ተውኔት ካለው የዡልየት ቤተሰብ፣ የካፑሌት፣ ስም ጋር መመሳሰሉ ነውና።

ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሣበት ሰገነት ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። የከተማው አስተዳደር ቤቱን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ከዚያ በፊት የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በ1840ዎቹ ሲያየው የተጎሳቆለ ማደሪያ ሆኖ አግኝቶታል። የከተማዋ ሙዚየሞች ኃላፊ የነበረው አንቶኒዮ አቬና ከ1936 እስከ 1940 ባለው ጊዜ ቤቱን ሲያድስ፣ የሰው ሁሉ ምናብ ወደሚጠብቀው መልክ አመጣው። ሰገነቱም የተሠራው ያኔ ነው፤ የተቀረጸው ድንጋይ ግን ከመካከለኛው ዘመን የተረፈ ነው። በሼክስፒር ጽሑፍ ዡልየት ብቅ የምትለው በሰገነት ሳይሆን በመስኮት መሆኑን እናትሽ ሳያስታውሱ አይቀሩም።

ታሪኩም ከሼክስፒር በፊት የነበረ ነው። ሉዊጂ ዳ ፖርቶ የተባለ የቪቼንዛ ሰው፣ ወታደር የነበረ፣ በ1530 አካባቢ ባሳተመው ልብ ወለድ ሮሜዎንና ዡልየትን ቬሮና ውስጥ አኖራቸው። ዘመኑንም ባርቶሎሜዎ ዴላ ስካላ ከተማዋን ሲገዛ፣ በ1300ዎቹ መጀመሪያ አደረገው። ከዚያ ጣልያናዊው ደራሲ ባንዴሎ ጻፈው፤ እንግሊዛዊው አርተር ብሩክ በ1562 በግጥም አወጣው፤ የሼክስፒር ተውኔት የታተመው በ1597 ነው። ሁለቱ ወጣቶች በእርግጥ እንደኖሩ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ይህ ግን ጉብኝቱን አያረክሰውም። አንድ ታሪክ ከጣልያን ተነሥቶ እንግሊዝ ከደረሰ በኋላ በከበደ ሚካኤል ብዕር አማርኛ ከሆነ፣ እናትሽ በግቢው ውስጥ ቆመው የሚያስታውሱት አማርኛውን ነው። እሱን ማንም ሐሰት ሊለው አይችልም።

ውስጡን በተመለከተ፣ ወለሎቹና የእንጨት ጣሪያዎቹ ቀስ ብለው ቢያዩአቸው ይወደዳሉ። በ1968 በወጣው የፍራንኮ ዘፊሬሊ «ሮሜዎና ዡልየት» ፊልም ላይ የታየው አልጋና ልብሶቹም እዚያ ይገኛሉ። ክፍሎቹ ባዶ ባዶ ይላሉ የሚል ሰው አለ፤ እውነት ነው፣ የተትረፈረፈ ዕቃ አትጠብቁ። ደረጃ ስለሚበዛው እናትሽን ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ አስቢበት።

በግቢው የቆመችው የነሐስ ዡልየት የኔሬዮ ኮስታንቲኒ ሥራ ናት። ጡቷን መንካት በፍቅር ዕድል ያመጣል ተብሎ ሰው ሲዳብሳት ኖሮ ስለተጎዳች ዋናዋን በ2014 ወደ ውስጥ አስገብተው በቅጂ ተክተዋታል። ቅጂዋንም ሰው ተሰልፎ ይዳብሳታል። እኔ ይህን ልማድ አልወደውም፤ ይዣቸው የምሄደውንም ሰዎች እንዳይነኩ እለምናለሁ። አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት እኮ።

ለዡልየት ደብዳቤ መጻፍ ግን እናትሽ ደስ ይላቸው ይሆናል። ከዓለም ዙሪያ ለሚመጡት ደብዳቤዎች በጎ ፈቃደኞች ተቀምጠው መልስ ይጽፋሉ። ይህ ልማድ የተጀመረው በ1930ዎቹ፣ የዡልየት ነው የሚባለው መቃብር ጠባቂ የነበረው ኤቶሬ ሶሊማኒ ለመጡት ደብዳቤዎች መልስ መስጠት ሲጀምር ነው።

መቃብር ካልኩ አይቀር፣ ጊዜ ከተረፋችሁ ሳን ፍራንቼስኮ አል ኮርሶ ወደተባለው የቀድሞ ገዳም ሂዱ። ምድር ቤቱ ውስጥ የዡልየት መቃብር የሚባለው ባዶ ቀይ የእብነ በረድ ሣጥን አለ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ባይረን ከድንጋዩ ስባሪ ለልጁ ወስዷል። እንደ ቤቱ ስለማይጨናነቅ በእኔ ግምት ለእናትሽ ከሰገነቱ ይልቅ የሚስማማቸው ይህ ነው። የሮሜዎ ቤት የሚባለውን በውጭ አይታችሁ እለፉ፤ የግል ስለሆነ አያስገባም።

ከፖርታ ኑኦቫ ባቡር ጣቢያ በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ሄዳችሁ ፒያሳ ብራ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ በቪያ ማዚኒ ቀጥ ማለት ነው። የዡልየት ቤት እንደተከፈተ ድረሱ፤ እኩለ ቀን ላይ ግቢው መቆሚያ የለውም። የአገባቡ ደንብና የትኬቱ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ከመነሣታችሁ በፊት የከተማዋን ሙዚየሞች ድረ ገጽ ተመልከቺና ትኬቱን አስቀድመሽ ግዢ።