«እኔ አባትሽ አይደለሁም»

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ትዳር ከያዝኩ 6 ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ስልኩን ካላነሳ ሆዴ ባር ባር ይላል፤ ደጋግሜ እደውላለሁ። ሲመጣ ደግሞ ደስ በማለት ፈንታ አኮርፈዋለሁ፤ አንዳንዴ ለ2 እና ለ3 ቀን። እሱ ዝም ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ይገባል። ልጅ ሳለሁ አባቴ ሳይናገር እየወጣ ለወራት ይጠፋ ነበር፤ ሲመለስም ምንም እንዳልተፈጠረ ያጫውተን ነበር። በቀደም ባለቤቴ «እኔ አባትሽ አይደለሁም» አለኝ። እውነት ተበላሽቼ ነው?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ «ተበላሽቼ» ባልሽው አልስማማም። የተበላሸ ነገር ሥራውን አይሠራም፤ ያንቺ ፍርሃት ግን ሥራውን በደንብ ያውቃል። ችግሩ ሥራውን የተማረው ሌላ ቤት ውስጥ መሆኑ ነው።

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ሥራው፣ ሕፃን ከአሳዳጊው ሲለይ ለምን እንደዚያ እንደሚያለቅስ ከሰው ልጅ አመጣጥ ተነሥቶ አስረድቷል። ለብዙ ሺህ ትውልዶች ብቻውን የቀረ ሕፃን የአውሬ ሲሳይ ነበር። የሚጮኸው፣ የሚጣበቀው፣ እግር በእግር የሚከተለው ልጅ ተረፈ፤ ሁላችንም የእነዚያ አልቃሾች ዘር ነን።

ግን ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ልጅ ሲወለድ ይዞ የሚመጣው ያለቀለት ጠባይ ሳይሆን ቤቱን የማንበብ ችሎታ ነው። ሲያለቅስ የሚደርስለት ሰው ካለ ይረጋጋል፣ ዘወር ብሎ ይጫወታል። ሰውዬው አንዳንዴ የሚመጣ አንዳንዴ የሚቀር ከሆነ ግን ጨዋታውን ትቶ በር በር ያያል፤ ጩኸቱንም ከፍ ያደርጋል። አሜሪካዊው ሐኪም ራንዶልፍ ኔሲ እንዲህ ያለውን ፍርሃት ጭስ ሲደርሰው ከሚጮኽ የቤት ማስጠንቀቂያ ጋር ያመሳስለዋል። ምግብ ባረረ ቁጥር ቢጮኽ ያሰለቻል እንጂ አይገድልም፤ ቤት ሲቃጠል አንድ ጊዜ ዝም ካለ ግን አበቃ። ተፈጥሮ የምትጨነቀው ለመትረፋችን ነው፤ ለሰላማችን ብዙም ግድ የላትም።

ከዚህ አልፈው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጁ ስለ ወደፊቱ ዓለም የሚቀበላቸው ትንበያዎች ናቸው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እኔ እዚህ ላይ ጥቂት እጠነቀቃለሁ። የ5 ዓመት ልጅ የያዘችው ትንበያ ለ34 ዓመት ሴት ትዳር ላይገጥም ይችላል፤ ደብዳቤሽ ራሱ ምስክር ነው።

ከስልኩ ይልቅ ያሳሰበኝ ኩርፊያሽ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ የ1 ዓመት ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ለደቂቃዎች እየለየች ስታጠና፣ አንዳንዶቹ እናታቸው ስትመለስ እንድታቅፋቸው እጃቸውን ይዘረጉና ወዲያው ይገፏታል፣ ይራገጣሉ። በቦውልቢ አስተሳሰብ ይህ ቁጣ ሥራ አለው፤ የሄደው ሰው ዳግመኛ እንዳይሄድ መያዣ ነው። አንቺ አባትሽን ለማኩረፍ ዕድል ነበረሽ? ወይስ ጨዋታው እንዳይበላሽ፣ ተነሥቶም እንዳይወጣ ፈርተሽ ዋጥ አደረግሽው? እንደዚያ ከሆነ ያ ኩርፊያ ተራው የደረሰው አሁን ነው፤ የሚከፍለውም ዕዳውን ያልተበደረ ሰው ነው።

ስለዚህ ቢያምሽም ባለቤትሽ ልክ ነው። ምንጩን ማወቅሽ ኩርፊያውን አያጸድቀውም።

ስልክ ካላነሳ አንዴ ደውለሽ ተዪው። እሱም እንደሚያመሽ ሲያውቅ አጭር መልእክት ይላክልሽ። ማስጠንቀቂያው የሚለዝበው በተግሣጽ ሳይሆን ሰው ሄዶ ሲመለስ፣ ደጋግሞ ሲመለስ ነው። በር ከፍቶ ሲገባ ደግሞ ከኩርፊያው በፊት አንዲት ቃል ትቅደም፤ «ፈርቼ ነበር» በይው። መጀመሪያ ላይ ይታገልሻል፤ ከአንደበትሽ አልወጣ ይላል። ጭንቀቱ እንቅልፍና ሥራ የሚነሳሽ ከሆነ ባለሙያ በአካል አግኚ።

አንድ ነገር ደግሞ። ወደ ሌላ ክፍል የሚገባውን ባልሽን ግድ የለሽ ነው ብለሽ አትፍረጂበት። አልቅሰው መገፋትን የለመዱ ሕፃናት እናታቸው ስትወጣ ቀና ብለው እንኳ ላያዩ ይችላሉ፤ የልብ ምታቸው ሲለካ ግን ይሮጣል። ነገሩ በረድ ሲል ጠብቀሽ፣ ልጅ ሳለ ሲያለቅስ ማን ይመጣለት እንደነበር ጠይቂው።