ሙቀቱ የት ገባ? ስለ ቤት የኤሌክትሪክ ፍጆታ ጥያቄና መልስ

ከሃያ ዓመት በላይ በየሰው ቤት እየገባሁ የኤሌክትሪክ መስመር ስዘረጋና ስጠግን ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አብዝቶ የገጠመኝ ጥያቄ ስለ ተቃጠለ ሶኬት አይደለም፤ «ይህ ሁሉ ሂሳብ ከየት መጣ?» የሚል ነው። የደረሱኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ፤ የሚደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የቤቱን አምፖል በሙሉ በኤልኢዲ ቀየርኩ፤ ሂሳቡ ግን እምብዛም አልቀነሰም። ምን ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ምንም አልተሳሳቱም። 60 ዋት የሚፈጀው የድሮ አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ኤልኢዲ በ9 ዋት ያህል ይሰጣል። ነገር ግን ከመጀመሪያውም ሂሳቡን የሚያንረው መብራት አልነበረም። ገንዘቡን የሚበላው ሙቀት ነው፤ ወይ ሙቀት ማምጣት፣ ወይ ሙቀት ማባረር። እስቲ እናስላው። 9 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 1.35 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታን የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) ይፈጃል። በቦይለር ውስጥ ያለን 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ ግን 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። አንድ ቦይለር ሙሉ ውሃ ማሞቅ ያንን አምፖል ሁለት ወር ያህል ያበራል። ስለዚህ ሂሳብ በዛብኝ ወደሚል ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው መታጠቢያ ቤቱን ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከየት ልጀምር? ባለሙያ ለመጥራት አቅሙ የለኝም።

መልስ፦ ባለሙያውን ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል፤ ቆጣሪው ነው። አብዛኞቹ ዲጂታል ቆጣሪዎች ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አለቻቸው፤ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትልም ቆጣሪው ፊት ላይ ተጽፏል። ቁጥሩ 1000 ከሆነ እያንዳንዷ ብልጭታ አንድ ዋት ሰዓት ናት። በቤቱ ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ ያጥፉና ሰዓት ይዘው ይቁጠሩ። በደቂቃ 2 ጊዜ ብልጭ ካለች 120 ዋት የሚፈጅ ነገር አሁንም እየሠራ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ እያበሩ ልዩነቱን ይመዝግቡ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዎታል።

በዚህ ዘዴ ከያዝኳቸው ሌቦች የማልረሳው አንድ አለ። ባለቤቶቹ «ሁሉንም አጥፍተናል» ብለውኝ ሳለ የቆጣሪው መብራት በደቂቃ 25 ጊዜ ብልጭ ትላለች፤ 1500 ዋት ማለት ነው። የቦይለሩን ማጥፊያ ረስተውት ነበር፤ ይሁን። ነገር ግን ውሃው ከሞቀ ስንት ሰዓት ሆኖታል፣ ለምን አያርፍም? ዞር ዞር ስል የቤቱ ድመት ኮሪደሩ ላይ፣ ሰድሉ ላይ ተዘርግታ ተኝታለች። «ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ናት» አሉኝ። እጄን ሳሳርፍበት ሰድሉ ለብ ያለ ነው። ከሥሩ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ቦይለሩ ለወራት ያሞቅ የነበረው መሬቱን ነው።

ጥያቄ፦ ቦይለር ሲጠፋና ሲበራ የበለጠ ይበላል፣ ሁልጊዜ በርቶ ቢቆይ ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ውሃው ከአካባቢው አየር ይበልጥ በሞቀ ቁጥር፣ በሞቀበትም ጊዜ በረዘመ ቁጥር ብዙ ሙቀት ያባክናል። ጠፍቶ የቆየ ቦይለር እንደገና ሲበራ የሚመልሰው ያባከነውን ብቻ ነው፤ ቅጣት የለበትም። ሌሊቱን ማጥፋት ያተርፋል፤ በደንብ በተሸፈነ አዲስ ቦይለር ላይ ግን ትርፉ አነስተኛ ነው። የሙቀት መጠኑን 60 ዲግሪ ላይ ያድርጉት። ከዚያ በታች አውርዶ ማቆየትን አልመክርም፤ በለብታ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ይራባል። 60 ዲግሪ ቆዳ ያቃጥላልና ቧንቧው ላይ ከቀዝቃዛው ጋር መቀላቀልን አይርሱ፤ በተለይ ልጆች ካሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ ግን የሚፈሰውን ሙቅ ውሃ መቀነስ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤታችን በጣም ይቀዘቅዛል። ባለ ዘይቱ፣ ባለ ቬንትሌተሩ ወይስ ቀይ የሚያበራው ማሞቂያ ነው ኤሌክትሪክ የሚቆጥበው?

መልስ፦ ልጄ፣ ሦስቱም እኩል ናቸው። ሻጩ ምንም ይበል፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በማንኛውም በሽቦ በሚሞቅ ማሞቂያ ውስጥ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሆናል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ልዩነቱ ሙቀቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ቀይ የሚያበራው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ስለሚያሞቅ፣ አንድ ሰው አንድ ወንበር ላይ ለሚቀመጥበት ክፍል እሱን እመርጣለሁ። ከዚህ ሕግ የሚወጣው ማሞቅም የሚችል ኤር ኮንዲሽነር ነው። እሱ ሙቀት አይሠራም፤ ከውጭው አየር ቀድቶ ያስገባል። ስለዚህ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሦስት ያህል ሊያስገባ ይችላል።

ማሞቂያ ከመግዛትዎ በፊት ግን ሻማ ያብሩና እፍ ብለው ያጥፉት። ጭሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሲወጣ ይያዙትና በመስኮቱ ጠርዝ፣ በበሩ ሥር፣ ከዚያም ወንበር ላይ ወጥተው የአምፖሉ ሽቦ ከኮርኒሱ በሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ ያዙሩት። በዚያች ጣት በማታስገባ ቀዳዳ ጭሱ ዘንበል ብሎ፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ እንደሚስበው ሽው ብሎ ይገባል። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቤቱ ሙቀቱን በኮርኒሱ እየለቀቀ በምትኩ ቀዝቃዛውን በበሩ ሥር ይስባል። ሰው ሁሉ የበሩን ሥር በጨርቅ ይወትፋል እንጂ ወደ ላይ ቀና አይልም። የኮርኒሱን ቀዳዳዎች በሲሊኮን ይድፈኑ፤ በሩ ላይ ጎማ ይለጥፉ።

ጥያቄ፦ እኛ የምንሞቀው በከሰል ነው። ክፍተቱን ሁሉ ብንደፍን ሙቀቱ አይቆይም?

መልስ፦ አይድፈኑ። ከሰልም ሆነ ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይቀሰቅሰው ይገድላል። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ጥያቄ፦ የቆርቆሮ ጣራ ቤት ነው የምኖረው። ቀን ምድጃ፣ ሌሊት በረዶ ነው።

መልስ፦ ቆርቆሮ ቀጭን ስለሆነ ምንም ነገር አያዘገይም። ቀን ጋለ ማለት እንደ ፍም ሙቀቱን ወደ ታች ይረጭብዎታል፤ ሌሊት ደግሞ የቤቱን ሙቀት ለሰማይ ያስረክባል። መፍትሔው በመካከል የቆመ አየር ማስቀመጥ ነው። የብርጭቆ ሱፍም ሆነ ፎም ሙቀት የሚከለክለው በውስጡ አየር አላንቀሳቅስ ብሎ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ ሱፉን ጠቅጥቀው አያስገቡት፤ የሚያፈስ ጣራም አስቀድመው ያስጠግኑ፤ የረጠበ ሱፍ ዋጋ የለውም። ኮርኒስ ከሌለ ኮርኒሱ ይቅደም። የሚያብረቀርቅ ፎይል የሚሠራው አንጸባራቂው ፊት ክፍት አየር ሲያይ ብቻ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ከተጣበቀ ራሱ ቆርቆሮ ሆነ ማለት ነው። ለቀኑ ሙቀት ደግሞ ርካሹ ዘዴ ጣራውን ነጭ መቀባት ነው።

ጥያቄ፦ ሶኬት ላይ ሲሰካ ሂሳብ በግማሽ ይቀንሳል የተባለ ትንሽ ሳጥን ገዛሁ።

መልስ፦ እንዲህ ያለውን ፈትቼ አይቻለሁ፤ ያገኘሁት አንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) እና አንዲት አረንጓዴ መብራት ነው። የቤት ተጠቃሚ የሚከፍለው በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ካፓሲተሩ ያንን ቁጥር አይቀንሰውም። አረንጓዴዋ መብራት ግን ትበላለች።

ጥያቄ፦ መስኮቶቹን በደንብ ከደፈንን በኋላ ግድግዳው ጥግ ላይ ሻጋታ ወጣ።

መልስ፦ የሰው ትንፋሽ፣ የማብሰያው እንፋሎትና እቤት ውስጥ የተሰጣው ልብስ መውጫ አጡ። 20 ዲግሪ የሆነ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ የደረሰ አየር 12 ዲግሪ የሆነ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይተፋል። መስኮት ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ ከመተው፣ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶችን ወለል አድርገው ከፍተው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያናፍሱ። አየሩ ይቀየራል፤ ግድግዳው ግን አይቀዘቅዝም።

ጥያቄ፦ የስልክ ቻርጀር ነቅሎ ማስቀመጥ ይጠቅማል?

መልስ፦ ስልክ ያልተሰካበት ዘመናዊ ቻርጀር የሚበላው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። 5 ዋት እየፈጀ ዓመቱን ሙሉ የሚያንቀላፋ ዕቃ ግን 44 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ እሱን ይንቀሉ።

ጥያቄ፦ ማቀዝቀዣችን አሮጌ ነው፤ ሞተሩ አያርፍም። ደግሞስ ያቺ ድመት ምን ሆነች?

መልስ፦ የበሩን ጎማ በወረቀት ይፈትኑ፤ ወረቀት በበሩ መካከል አስገብተው ዘግተው ሲስቡት በቀላሉ ከወጣ ጎማው አልቋል። ከኋላ ያለውን የሙቀት ማስወጫ ፍርግርግ፣ ከሶኬት ነቅለው፣ አቧራውን ይጥረጉለት፤ ከግድግዳውም ትንሽ ያርቁት። ከውስጥ 4 ዲግሪ፣ በረዶ ቤቱ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ይበቃል። ድመቷን በተመለከተ፣ ቧንቧው በተጠገነ በሳምንቱ ስመለስ ኮሪደሩን ትታ ማቀዝቀዣው ጀርባ ገብታለች። ፍርግርጉ ላይ የተጠቀለለ ፀጉሯን በብሩሽ ያጸዳሁት እኔው ነኝ።